ንስሩ የሰቀለው አሸንዳ

የንስሩን መሞት የሰማሁት ደምበል ፊት ለፊት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ከፊቴ የቆመች ሴት ዞር ብላ አየችኝና «ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች። የድሮ ሰፈራችን ልጅ ናት፤ እናቷ ካዛንቺስ ከኛ ግቢ በታች ሻይ ቤት ነበራት። ማን የት እንደደረሰ ተጠያየቅን። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ «ጋሽ ንስሩም አረፉ አይደል፣ ሰኞ ለት ተቀበሩ» አለችኝ። ያን ቀን ሐሙስ ነው። ታክሲው መጣ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው «አባት ይግቡ እንጂ» ይለኛል። አልገባሁም። ሰልፉን ለቅቄ ወጣሁና የአንዱ ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ንስሩ አሸንዳ ሠሪ ነበር። እኔ አናጢ ነኝ። እኔ የጣሪያውን እንጨት አቆማለሁ፣ ቆርቆሮውን እመታለሁ፤ እሱ ከጣሪያው ጫፍ ላይ አሸንዳውን ይሰቅላል፣ ውሃውን በቱቦ አውርዶ ወይ በርሜል ወይ ታንከር ውስጥ ይከተዋል። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ሠርተናል። ቂርቆስ ውስጥ እኛ ያልወጣንበት ጣሪያ ጥቂት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። አሁን ጣሪያዎቹ የሉም። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አብረው ወረዱ።

ጽሕፈት አይሆንልኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት የእንጨት ልክ ብቻ ነው። ግን ይሄን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግኩም። በንስሩ ስም ላይ አንድ ነገር ተለጥፎ ቀርቷል። እውነቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን። አሁን አንድ ቀረ፣ እሱም እኔ ነኝ።

አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ አንገት የሌለው የሚመስል ሰው ነበር። ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ከሚሠራ ሰውዬ ዘንድ ሥራ ተማረ። በኋላ የራሱን ሱቅ ከፈተ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። መሐሉ ላይ አንድ የባቡር ሀዲድ ቁራጭ ነበረው፤ ላሜራውን እዚያ ላይ እያጠፈ በእንጨት መዶሻ ይመታዋል። ለምን በብረት አትመታውም፣ ቶሎ ያልቅልህ ነበር አልኩት አንዴ። «በብረት ከመታኸው ቆዳው ይቆስላል። የቆሰለ ይዝጋል» አለኝ። ላሜራ ቆዳ አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይሸሻል። ንስሩ ይወጣል። የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አስገብቶ እንደ ቆብ ይደፋና የሠራቸውን ጣሪያዎች ይዞራል። የሰው አጥር ሥር ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ ታየዋለህ። የማያውቁት ሌባ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል በር ላይ ዘበኛው ያዘው። «አባት፣ ምን ፈልገው ነው?» ቢለው «ውሃዬን እያየሁ ነው» አለው። ዘበኛው አእምሮው የተነካ ሰው መስሎት አዘነለትና ዳቦ አመጣለት። ንስሩ ዳቦውን ተቀብሎ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ በላ፣ ቱቦውን አየ፣ አመስግኖ ሄደ። ይሄን የነገረኝ ራሱ ነው፤ የዳቦው ነገር ሲያስቀው ዓይኑ እንባ ይሞላ ነበር።

ቱቦ ሲደፈን ጆሮውን ይለጥፍበትና በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ከታች ወደ ላይ። አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆምና «እዚህ ጋ አጥንት አለ» ይላል። ሰው ይስቃል። ሲፈታው አጥንት ይወጣል። አሞራ ከቄራ አጥንት እየነጠቀ መጥቶ የኛ ሰፈር ጣሪያ ላይ እንደሚበላ እሱ ነው ያስተዋለው። ለዚህ ብሎ የቱቦው አፍ ላይ ሁልጊዜ የሽቦ ወንፊት ያደርግበታል።

ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ አንዳንዴ ፈረቃውም ይዘለላል። ስለዚህ የጣሪያ ውሃ ቀልድ አይደለም። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ይሯሯጣሉ። ንስሩ ደግሞ ያን ውሃ አያስነካም። ቱቦው ላይ የሚዞር ክርን፣ የታጠፈ የቱቦ ቁራጭ፣ አበጅቶለታል፤ ያን ክርን ወደ ቦዩ ያዞረዋል፣ ውሃው ሁሉ ሜዳ ላይ ይፈሳል። ሴቶቹ ይሰድቡታል። እሱ «የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያው ነው፣ ይታጠብበት። የኛ ከዚያ በኋላ ያለው ነው» ይላል። አንዷ ግብግብ ብትገጥመው «የስምንት ወር አቧራና የድመት ሽንት ለልጆችሽ ልታጠጪ ነው?» አላት። እጇን ሰበሰበች።

ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፣ ሁለቱም ባልቴቶች። የአንደኛዋ ጣሪያ ጠፈጠፍ የሌላዋ ደጅ ላይ ይወርዳል። በዚህ ሰላምታ ከተቋረጡ ዓመታቸው ነው። ሽማግሌ ገባ፣ ቀበሌ ገባ፣ አልሆነም። ንስሩ ሄዶ የሁለቱንም ጣሪያ ውሃ በአንድ አሸንዳ ሰብስቦ አንድ በርሜል ውስጥ አስገባው፤ በርሜሉን ድንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ለመቅዳት መገናኘት ግድ ሆነባቸው። ታረቁ እንዳልል አሁንም ይጣሉ ነበር፣ ግን ስለ ተራ ነበር የሚጣሉት። ንስሩ «ተራ ላይ የሚጣላ ሰው ቢያንስ ይነጋገራል» አለኝ።

እንግዲህ የኔና የሱ ጠብ ሌላ ነው። እኔ ውሃ ልክ ከእጄ አይለይም። ሚዛኑን እንጨቱ ላይ አስቀምጬ አረፋዋ መሐል ላይ ካልቆመች ሚስማር አልመታም። ሰው ጣሪያ ሲያይ ቀጥ ማለቱን ነው የሚያየው፤ የኔ ስም ያ ነው። ንስሩ ውሃ ልክ አይይዝም። የሰቀለው አሸንዳ ውስጥ በጣሳ ውሃ ይጨምርና ሌላው ጫፍ ሄዶ ይጠብቀዋል። ቶሎ ካልደረሰለት ይፈታል፣ እንደገና ይሰቅላል። በየእርምጃው አንድ ጣት ዝቅ እያደረገ ወደ ቱቦው ያዘነብለዋል። «ውሃ ሰነፍ ነው። ጋደም ያለ ቦታ ካገኘ ይተኛል። የተኛ ውሃ ቤት ያፈርሳል» ይላል። እኔ ደግሞ ቀጥ ያለ ጣውላዬ ሥር የሱ አሸንዳ ተጣሞ ሲንጠለጠል አንጀቴ ይቃጠላል። ከመንገድ ሲያዩት እንደ ወረደ ቀበቶ ነው። ሥራዬን አዋረድከው እለዋለሁ። «አቶ ውሃ ልክ፣ እኔ የምሠራው ለሚያይ ሰው አይደለም፣ ለሚሄደው ውሃ ነው» ይለኛል። ይስቃል። እኔ አልስቅም። ግትር ነኝ፣ አሁንም ነኝ፤ ሚስቴ ነፍሷን ይማረውና በዚህ ታውቀኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የሰፈራችን እድር አዳራሽ አልነበረውም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ሁሉ በየሰው ቤት ነበር የሚቀመጠው። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ እድር ነን። በስንት መከራ የጭቃ አዳራሽ አቆምን። ጣሪያው የኔ ነው፣ አሸንዳው የንስሩ። ንስሩ ትልቅ ታንከር አስቀመጠለት፣ ለቅሶ በተነሳ ቁጥር ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ ብሎ። «ሐዘንተኛ ቤት ውሃ አይለመንም» ይል ነበር። አሸንዳውን እንደ ልማዱ አዘንብሎ ሰቀለው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ቦዩ አዞረው፣ ከዚያ ወደ ታንከሩ መለሰው። ታንከሩ ሞላ። ማንም ልብ አላለውም። የሚሠራ አሸንዳ ማን ያያል?

ያን ዓመት አረፋ ክረምት ላይ ዋለ። ንስሩ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገር ቤት ወረደ፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እሁድ ለት አዳራሹን መርቀን ገባን። ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ ሲያደንቅ የእድሩ ዳኛ ወደ ላይ ጠቆመና «በቀለ፣ ጣሪያህ ጠመመ እንዴ? ወይስ መነጽሬ ነው?» አለ። ሳቁ። እሱ ለጨዋታ ነው ያለው፤ ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ጣሪያው አይደለም፣ አሸንዳው ነው ብልም ማን ሰምቶኝ። ሳቁ ቀጠለ።

በማግሥቱ ጠዋት መሰላል ይዤ ሄድኩ። ውሃ ልኬን ይዣለሁ። የአሸንዳውን መያዣዎች ሰባቱንም ፈታሁ፣ ዝቅ ያለውን ጫፍ ሦስት ጣት ከፍ አደረግኩትና በሚስማር መታሁት። አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። ወርጄ መንገዱ ማዶ ሄጄ አየሁት። ቀጥ ብሏል። አምሯል። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልናገር። ውሃው የት እንደሚሄድ አላሰብኩም፤ ውሃው ሲመጣ ራሱ መንገዱን ያገኛል ብያለሁ በልቤ። አናጢ ነኝ እንጂ የውሃ ሰው አይደለሁም።

ሳምንት ሳይሞላ ዓርብ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። በረዶው አሸንዳው ውስጥ ተኛ። ውሃው ተኛ። ሲሞላ ወደ ውጭ አልፈሰሰም፣ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ከልስኑ ጀርባ ገብቶ ወረደ። ጭቃው አበጠ። ከዝናቡ በኋላ ፀሐይ ወጥታ ሰው መንገድ ላይ እያለ ግድግዳው በዕቃ ቤቱ በኩል ተንዶ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን ድንኳኑ ከጭቃው ሥር ነው። ወንበሮቹ ተሰባብረዋል።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ወለቱ አረፉ። በሰፈሩ ያላዋለዱት ልጅ የለም። ለእማማ ወለቱ ለቅሶ የኛ እድር ድንኳን የለውም። ከሌላ ሰፈር እድር ለምነን አመጣን። ድንኳኑ ላይ የነሱ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ለቀስተኛው ሁሉ እያነበበ ይገባል። እድር የማያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ራቁት ከመውጣት አይተናነስም።

ንስሩ ሰኞ ገባ። ሻንጣውን ቤቱ ሳያደርስ በቀጥታ ወደ አዳራሹ መጣ። እዚያ ነበርኩ። «መሰላል ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። በጣሳ ውሃ ይዞ ወጣ፣ ከቱቦው ራቅ ካለው ጫፍ ጨመረ። ከታች ሆኜ እግሩን ነው የማየው። ውሃ ሲሄድ አይሰማም። ቆየ። እጁን ሰዶ መያዣዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። እሱ በብሎን ነው የሚያስረው፣ ሚስማር አይነካም። ሚስማር የኔ ነው፤ የሚስማሬን ራስ ደግሞ ከሌላ ሰው ሚስማር ለይቶ ያውቀዋል፣ ወደ ጎን አጥፌ እንጨቱ ውስጥ ስለምቀብረው። ወረደ። ጣሳውን አራገፈ። ፊቴን አላየም። ወደ አሸንዳው አንጋጦ፣

«አምሯል» አለ።

ሻንጣውን አንስቶ ሄደ።

እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ግድግዳው በሌለው አዳራሽ ውስጥ ነው የተሰበሰብነው፣ በላስቲክ ተጋርዶ። ሰው ተቆጥቷል። አንዱ ተነስቶ ድሮም ያ ነገር ተጣሞ ነበር፣ ዳኛው ሳይቀሩ አይተውታል አለ። ሌላው ባልዲ ሠሪ አዳራሽ ሲሰጡት ይሄ ነው አለ። ሁሉም አሸንዳው ጠማማ መሆኑን ያስታውሳል፣ መቃናቱን ግን ያየ የለም። ሰው አንዴ ከሳቀበት በኋላ እንደገና ቀና ብሎ አያይም።

ዳኛው «ንስሩ፣ ምን ትላለህ?» አለው።

ንስሩ ተነሳ። ቆቡን አወለቀ። ዝም አለ። ያ ዝምታ ረጅም ነበር፤ ሰው ጥፋቱን አምኖ ነው አለ። እኔ ነኝ የማውቀው፤ እኔን እየጠበቀ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። አፌን ከፈትኩ። ሳል አስመሰልኩና ዘጋሁት። ለምን? ብዙ ምክንያት ለራሴ ስሰጥ ኖሬያለሁ፣ አንዱንም አልጽፈውም። ፈራሁ፤ በቃ።

«አሸንዳው የኔ ነው። እሠራዋለሁ» አለና ተቀመጠ።

ሠራውም። ግድግዳውን ከሰው ጋር አብሮ ጭቃ ረግጦ መረገ፣ አሸንዳውን ፈትቶ እንደገና አዘንብሎ ሰቀለው። ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ ጠብታ አላሳለፈም። ሰው ግን ተቀጥቶ ተማረ እንጂ ሌላ አላለም። ስም ወጣለት፤ አፍሳሹ ንስሩ ተባለ። ጎረምሶቹ በሱቁ ደጅ ሲያልፉ «ጋሼ፣ ዣንጥላ ይከራያሉ?» ይሉታል። አንዱ ቤት አሠሪ ከሠራተኞች ጋር ሲነጋገር ሰማሁ፤ አፍሳሹን እንዳታመጡብኝ ይላል። እኔም እዚያው ነኝ፣ መጋዜን ይዤ። አልተናገርኩም።

ሥራው ቀነሰ። አሸንዳ ትቶ ድስት መጠገን ያዘ፣ የከሰል ምድጃ መሥራት ያዘ። ዝናብ ሲመጣ አሁንም ይወጣል፤ ግን ማዳበሪያውን እስከ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ነው፣ ሰው እንዳያውቀው። አንድ ከሰዓት የአዳራሹ አጥር ሥር ቆሞ አየሁት። ውሃው ኩልል ብሎ ወደ ታንከሩ ይወርዳል። እሱ ቆሞ ይሰማል። አልቀረብኩትም።

ሰላምታ አልነሳኝም። ይሄ ነው የገደለኝ። ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር፣ ታውቁኛላችሁ። ጠዋት ሲያገኘኝ «በቀለ፣ እንዴት አደርክ» ይለኛል። አቶ ውሃ ልክ ማለቱን ግን ተወው።

አንድ ቀን እንደምንም ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ድስት እጀታ እያበጀ ነው። ቆሜ «ንስሩ፣ ያን የአዳራሹን ነገር…» ብዬ ጀመርኩ። መዶሻውን አላቆመም።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቀው ንገር» አለኝ።

«አንተ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

ያኔ መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔ ብናገር የሁለት ሰው ክርክር ነው። ግማሹ ከኔ ይሆናል፣ ግማሹ ካንተ፣ እድሩ ሁለት ይሆናል። አንተ ብትናገር ግን ነገሩ ያልቃል።»

የሚመጣው ጉባኤ ላይ እናገራለሁ አልኩት። ምዬ ነው የነገርኩት። «እሺ» አለ። አመነኝ። የሚመጣው ጉባኤ ላይ ግን ሌላ አጀንዳ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ላይ ዳኛው ታሞ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ላይ ታምሜአለሁ ብዬ ቀረሁ፤ አልታመምኩም። ንስሩ ሁሌ ይመጣ ነበር፣ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ስብሰባው ሲያልቅ ወንበሩን አጥፎ ይወጣል። አንድም ቀን ምነው አላለኝም።

ከዚያ ሰፈሩ ይነሳል ተባለ። ሰው ዕቃውን ለመጫን ተጣደፈ። የቀረ ጉባኤ የለም። አዳራሹ ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቆርቆሮውን ራሴ ነው የነቀልኩት፣ ሌላ ሰው እንዳያጣምመው ብዬ። አሸንዳውን ግን ማሽኑ ከግድግዳው ጋር ጠረገው። የኔ የኮንዶሚኒየም ዕጣ በከተማው አንድ ዳር ወጣ፣ የንስሩ በሌላ ዳር። የመጨረሻ ያየሁት መኪና ላይ ሆኖ ነው፣ የሀዲዱን ቁራጭ እግሩ ሥር አድርጎ። እጁን አነሳልኝ። አነሳሁለት። ሦስት ታክሲ ነው በመካከላችን። ሳምንት እሄዳለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፣ ክረምቱ ይውጣ እያልኩ ቀረሁ።

ያን ሐሙስ ከተቀመጥኩበት የሕንፃ ደረጃ ላይ ተነስቼ በቀጥታ ወደሱ ቤት ሄድኩ። አድራሻውን ያቺው ልጅ ናት የነገረችኝ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ላስቲክ ተወጥሯል፣ ወንዶች ተቀምጠዋል። ብዙዎቹን አላውቃቸውም፣ የአዲሱ ሰፈር ሰዎች ናቸው። አንዱ ከጎኔ «ጎበዝ ድስት ጠጋኝ ነበሩ» አለኝ። አሸንዳ መሥራቱን እንኳ አያውቁም።

ዘይነባን፣ ሚስቱን፣ ልያት አልኩ። ገባሁ። መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለት ሴቶች ከጎኗ። «በቀለ መጣህ? እሱ እኮ ያነሳህ ነበር» አለችኝና አለቀሰች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ምን ብሎ እንደሚያነሳኝ አልጠየቅኩም። ለቅሶው ትንሽ ሲበርድላት ሁሉንም ነገርኳት፤ መሰላሉን፣ ሦስቱን ጣት፣ ጉባኤውን፣ የማልኩትን። ታውቀዋለች ብዬ ነው። ባልና ሚስት ናቸው፣ አርባ ዓመት አንድ ላይ የኖሩ፣ ነግሯት ይሆናል ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት።

አታውቅም።

ሻርፗን ከፊቷ ላይ አነሳች። እንባው ቆሟል። ወለሉን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«እኔ እኮ ብዬዋለሁ» አለች።

አልገባኝም።

«አፍሳሽ ብዬዋለሁ። ሥራ አጥቶ ቤት የዋለ ጊዜ። ልጆቹ ፊት። አንድ ጊዜ አይደለም።» ሴቶቹ ሊያጽናኗት እጇን ያዟት፣ አስለቀቀች። «ተው አላለኝም። ጫማውን አደረገና ወጣ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የበደልኩት አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። «ሂድ አልልህም፣ የለቅሶ ሰው ነህ። ግን አጠገቤ አትቀመጥ» አለች።

ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። ድምጿ ቁጣ የለውም፣ ድካም ብቻ ነው። «እኔ ብቻ አይደለሁም ያልኩት። የድሮው ሰፈር ሰው ሁሉ ብሎታል። አንድ በአንድ ታውቃቸዋለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እየዞርኩ ነው። ሰፈሩ በአራቱም ማዕዘን ተበትኗል፤ አንዱ አምስተኛ ፎቅ፣ አንዱ ልጁ ዘንድ፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ግን እወጣለሁ። ዳኛውን አገኘሁት፣ አልጋ ላይ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆየና «የትኛው አዳራሽ?» አለኝ። እንደገና ጀመርኩለት። አንዱ ደግሞ ሳቀብኝ፤ «ለዚህ ብለህ ነው አራት ፎቅ የወጣኸው? ተወው እንጂ ጋሽ በቀለ፣ አዳራሹስ የት አለ?» አለኝ። አዳራሹ የለም፣ አውቃለሁ። እኔው ነኝ ቆርቆሮውን የነቀልኩት። አንዲት ሴት ግን፣ ያቺ ክርኑ ላይ ግብግብ የገጠመችው፣ ሰምታኝ ስታበቃ በሩን ይዛ ቆመች፤ ይግቡም አላለችኝ፣ ይሂዱም አላለችኝ።

ሁላችሁንም አልደርስባችሁም። አንዳንዶቻችሁ ቀድማችሁኛል፣ የአንዳንዶቻችሁን ቤት የሚያውቅ አላገኘሁም፣ እኔም ዕድሜዬ ሄዷል። ስለዚህ ነው የጻፍኩት። ይሄን የሚያነብ የካዛንቺስ ሰው ካለ ለማያነበው ይንገርልኝ። የእድራችን አዳራሽ ግድግዳ የወደቀው በንስሩ ጥፋት አይደለም። ንስሩ አሸንዳውን ዘንበል አድርጎ ነበር የሰቀለው። ያቃናሁት እኔ ነኝ።